ከውርወራው በፊት፦ የቤዝቦል አሠልጣኝን ውሳኔ ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

ቤዝቦልን አዲስ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የሚያማርረው ጨዋታው ቶሎ ቶሎ በመቆሙ ነው። ወርዋሪው ኳሱን በጓንቱ ውስጥ ይዞ ይቆማል፤ መቺው እግሩን ያስተካክላል፤ ከተጠባባቂዎች መቀመጫ እንደ ተጫዋቾቹ መለያ የለበሰ ጎልማሳ ሰው ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ሜዳው መሀል ይሄዳል፤ ሁለት ቃል ይነጋገራሉ፤ ወርዋሪው ኳሱን አስረክቦ ይወጣል። ለዓይን ምንም ያልተከናወነበት ጊዜ ይመስላል። ነገር ግን ያ ሰው ከመቀመጫው ከመነሣቱ በፊት ሲያወጣና ሲያወርድ የቆየው ሐሳብ ከሚመታው ኳስ ባላነሰ የጨዋታው አካል ነው፤ በእኔ እምነት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚማርከው ክፍል ነው።

ይህ መመሪያ የጨዋታውን ሕግ በመጠኑ ለሚያውቅ፣ ነገር ግን «አሠልጣኙ ለምን እንዲህ አደረገ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ላጣ ተመልካች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው አንድ ነው፦ እያንዳንዱን ውሳኔ ካስከተለው ውጤት ነጥሎ፣ ኳሱ ከመወርወሩ በፊት በታወቀው ነገር ብቻ መመዘንን ማስለመድ። ጥሩ ውሳኔ በመጥፎ ዕድል ሊከሽፍ፣ መጥፎ ውሳኔም በዕድል ሊሠምር ስለሚችል፣ ይህን መለየት ያልለመደ ተመልካች ከጨዋታው የሚማረው ነገር በጣም ጥቂት ነው።

አሠልጣኙ የሚቆጥበው ምንድን ነው?

በብዙ ስፖርቶች የሚመራ ቡድን ሰዓት ሊገድል ይችላል። በቤዝቦል ይህ መንገድ ዝግ ነው። በአሜሪካው ሜጀር ሊግ ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር የሚያስገድድ ሰዓት ቢኖርም፣ ጨዋታውን የሚያበቃው አሁንም አውት፣ ማለትም የሚያጠቃው ቡድን ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ መደረጉ፣ ነው። እያንዳንዱ ቡድን 9 ኢኒንግ (የመምታት ዙር)፣ በየኢኒንጉም 3 አውት፣ በድምሩ 27 አውት ተሰጥቶታል፤ የሚመራው ቡድንም በብዙ ነጥብ ቢበልጥ እንኳ ተጋጣሚውን 27 ጊዜ አውት ሳያደርግ ወደ ቤቱ አይሄድም። ስለዚህ በማጥቃት ላይ ላለ ቡድን አውት ማለት የሚመነዘር ገንዘብ ነው፤ አሠልጣኙ አንዱን አውት በፈቃዱ ሲሰጥ ባዩ ቁጥር «በምትኩ ምን ገዛበት?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ሀብት ሰው ነው። ከሜዳ የወጣ ተጫዋች በዚያው ጨዋታ ተመልሶ አይገባም። በመደበኛው የውድድር ዘመን አንድ ቡድን 26 ተጫዋቾች የሚመዘግብ ሲሆን ከእነዚህ ወርዋሪ ሊሆኑ የሚችሉት ቢበዛ 13 ናቸው። ቀሪዎቹ 13 ይሆናሉ፤ 9ኙ በመምቻው ቅደም ተከተል ውስጥ ስለሚገቡ መቀመጫ ላይ የሚቀሩት 4 ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ሁለተኛው ተቀባይ ነው፤ እርሱን በከንቱ ያወጣ አሠልጣኝ፣ ሜዳ ላይ ያለው ተቀባይ ቢጎዳበት ሥራውን የማያውቅ ሰው ከመቺው ጀርባ ለማስቀመጥ ይገደዳል። እንግዲህ በሩቅ ሲታይ ሰፊ የሚመስለው የአሠልጣኙ ምርጫ በተግባር ሦስት ሰው ያህል ነው። አንድ ተቀያሪ መቺ በስድስተኛው ኢኒንግ ሲገባ ለምን በጥንቃቄ እንደሚታይ የሚገባን ይህን ስንቆጥር ነው።

ሦስተኛው ነገር ሀብት ሳይሆን ገደብ ነው፤ የመምቻው ቅደም ተከተል አይለወጥም። ዘጠኙ መቺዎች እንደ ተራቸው ስለሚመጡ፣ አሠልጣኙ ከሁለት ኢኒንግ በኋላ ማን ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ይችላል። እርስዎም ይችላሉ።

ወረቀትና እርሳስ

ጨዋታው ሲጀመር የሁለቱን ቡድኖች የመምቻ ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ መቺ ስም አጠገብም በግራ ወይም በቀኝ የሚመታ መሆኑን ምልክት ያድርጉ። ከስድስተኛው ኢኒንግ ጀምሮ፣ ጨዋታው በጠበበ ቁጥር፣ ከውርወራው በፊት ለራስዎ ስድስት ነገር ይመልሱ፦ ስንተኛው ኢኒንግ ነው፣ ውጤቱ ስንት ለስንት ነው፣ ስንት አውት ሆኗል፣ የትኞቹ ቤዞች ላይ ሯጭ አለ፣ ቀጣዮቹ ሦስት መቺዎች እነማን ናቸው፣ በቡልፔን፣ ማለትም ተቀያሪ ወርዋሪዎች በሚዘጋጁበት ቦታ፣ ማን እያሟሟቀ ነው። ከዚያ «እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ?» የሚለውን በአንድ መስመር ይጻፉ። መጻፉ የግድ ነው። ሰው በልቡ ብቻ የወሰነውን ነገር ውጤቱን ካየ በኋላ ሳያውቀው ይለውጠዋል፤ በእርሳስ የተጻፈ ግን እንደተጻፈ ይገኛል።

አንድ አውት ስንት ያወጣል?

ሦስቱ ቤዞች ባዶ ወይም የተያዙ በመሆናቸው 8 ዓይነት አሰላለፍ ይፈጠራል፤ አውቱ 0፣ 1 ወይም 2 ሊሆን ስለሚችል በጠቅላላው 24 ሁኔታዎች ይኖራሉ። በእያንዳንዱ ሁኔታ ውስጥ ያለ ቡድን ኢኒንጉ እስኪያልቅ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚያገባ ከብዙ ሺህ ጨዋታዎች ተሰልቶ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ከ2010 እስከ 2015 በነበረው የሜጀር ሊግ አማካይ፣ አውት ሳይኖር አንደኛ ቤዝ ላይ አንድ ሯጭ ያለው ቡድን ወደ 0.86 ነጥብ ይጠብቃል። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ኖሮት አንድ አውት ከሆነበት ግን የሚጠብቀው ወደ 0.66 ብቻ ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ስለ ባንት ዋናውን ነገር ያገኛሉ። ባንት ማለት መቺው ዱላውን ሳያወናጭፍ ኳሱን አለስልሶ መሬት ላይ በማሳረፍ፣ ራሱ አውት እየሆነ ሯጩን አንድ ቤዝ የሚያሳልፍበት ስልት ነው። ለረጅም ዘመን የጠንቃቃ አሠልጣኝ መለያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ነገር ግን ሯጩን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ለማሳለፍ አንድ አውት ሲከፈል የሚጠበቀው ነጥብ ይቀንሳል። «እኔ የምፈልገው ብዙ ሳይሆን አንድ ነጥብ ብቻ ነው» ቢባል እንኳ፣ ቢያንስ አንድ ነጥብ የማግባቱ ዕድል ከ42 በመቶ ገደማ ወደ 40 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። ይህ ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋ ነው፤ በተራ መቺ እጅ የሚደረግ እንዲህ ያለ ባንት በሁለቱም ሚዛን ኪሳራ ነው።

ሯጩ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሆኖ አውት ከሌለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያለ ባንት ቢያንስ አንድ ነጥብ የማግባቱ ዕድል 61 በመቶ ገደማ ነው፤ በባንት ሯጩ ሦስተኛ ቤዝ ደርሶ አንድ አውት ሲሆን ወደ 66 በመቶ ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም ከሦስተኛ ቤዝ ለማግባት የግድ ጥሩ ምት አያስፈልግም፤ ሩቅ ሄዶ የተያዘ ኳስ እንኳ ይበቃል። የሚጠበቀው ጠቅላላ ነጥብ ግን ከ1.10 ወደ 0.95 ይወርዳል። ስለዚህ በሦስተኛው ኢኒንግ ይህን ማድረግ ብዙ ነጥብ የማግኘትን ተስፋ ማሳጠር ሲሆን፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ እኩል በሆነ ጨዋታ ግን ባለሜዳው ቡድን የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ከ2020 ጀምሮ በመደበኛው ውድድር ከ9ኛው ኢኒንግ በኋላ የሚቀጥል እያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለተኛ ቤዝ ላይ በተቀመጠ ሯጭ ስለሚጀመር፣ ይህ ስሌት በተጨማሪ ኢኒንጎች ውስጥ በየጊዜው ይመጣል። በመጀመሪያ የሚመታው እንግዳው ቡድን ስንት ነጥብ እንደሚበቃው አያውቅም፤ ባለሜዳው ግን የሚፈልገውን አውቆ ይገባል። እንግዳው ባንት ሲያደርግ ካዩ በጥርጣሬ ይመልከቱት።

አማካይ ቁጥር ግን አማካይ ነው። የሚመታው ሰው ደካማ ከሆነ፣ ወይም የሦስተኛ ቤዝ ተከላካዩ ወደ ኋላ ርቆ ከቆመና ባንቱ ራሱን መቺውንም የሚያደርስ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሆነው በናሽናል ሊግ ወርዋሪዎች ራሳቸው ይመቱ በነበረበት ጊዜ፣ ማለትም በሁለቱም ሊጎች ለወርዋሪው ምትክ መቺ ማሰለፍ በ2022 በቋሚነት እስኪፈቀድ ድረስ፣ ባንት የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ቤዝ መስረቅ

የቤዝ ስርቆት በዚያው ሠንጠረዥ ይመዘናል። አውት ሳይኖር ከአንደኛ ቤዝ የተነሣ ሯጭ ቢሳካለት የሚጠበቀው ነጥብ ከ0.86 ወደ 1.10 ይወጣል፤ ቢያዝ ወደ 0.25 ይወርዳል። ትርፉ ሩብ ነጥብ የማይሞላ፣ ኪሳራው ከግማሽ ነጥብ በላይ ነው። በዚህ መሠረት ሯጩ ከ100 ሙከራ 72 ያህሉን ካላሳካ ቡድኑን እየጎዳ ነው። በ2023 የቤዞቹ ስፋት ከ38 ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲያድግ፣ ወርዋሪውም በአንድ መቺ ተራ ሯጩን ለማስፈራራት ከመወርወሪያው የሚወርድበት ጊዜ በሁለት ሲገደብ፣ የተሳኩ ስርቆቶች በ2022 ከነበሩት 2,486 ወደ 3,503 ዘለዋል። አሠልጣኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ደፋር ሆነው አይደለም፤ ዋጋው ረክሶላቸው ነው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 17 ቀን 2004፣ ቦስተን ሬድ ሶክስ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት በአሜሪካን ሊግ (በሌላው የሜጀር ሊግ ክፍል) ፍጻሜ በኒው ዮርክ ያንኪስ በጨዋታ 3 ለ 0 እየተመራ ወደ አራተኛው ጨዋታ ገባ። በዘጠነኛው ኢኒንግ 4 ለ 3 እየተመሩ ሳለ የያንኪሱ የታወቀ ዘጊ ወርዋሪ (መሪነትን ለማስጠበቅ በመጨረሻ የሚገባ) ማሪያኖ ሪቬራ ኬቨን ሚላርን በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ አሳለፈው። የቦስተኑ አሠልጣኝ ቴሪ ፍራንኮና ሚላርን አስወጥቶ በምትኩ ፈጣኑን ዴቭ ሮበርትስን ሯጭ አደረገው። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሮበርትስ እንደሚሰርቅ ያውቃል። ሪቬራ ወደ መቺው ከመወርወሩ በፊት ሦስት ጊዜ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወረ፤ ሮበርትስ ሦስቱንም ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ ወደ መቺው በተወረወረው በመጀመሪያው ኳስ ላይ ተነሥቶ ሁለተኛ ቤዝን በጠባብ ልዩነት ቀድሞ ነካ። ቢል ሚለር በመሀል በኩል ሲመታ ሮበርትስ አግብቶ ጨዋታው እኩል ሆነ፤ ቦስተንም በ12ኛው ኢኒንግ አሸነፈ፤ ከዚያም ያን ፍጻሜ አራት ለሦስት ወሰደ።

ይህን ቅጽበት ሲያነቡ ሩጫውን ብቻ አያድንቁ፤ የተከፈለውንም ይቁጠሩ። ሚላር የዘወትር ተሰላፊ መቺ ነበር፤ ጨዋታው ሲረዝም ተመልሶ መግባት አልቻለም። ፍራንኮና ይህን ዋጋ የከፈለው ሪቬራን በመሰለ ወርዋሪ ላይ ሁለት ተከታታይ ጥሩ ምት ከመጠበቅ፣ ስርቆቱ ተሳክቶ አንድ ምት ብቻ ማስፈለጉ የተሻለ ስለሆነ ነው። መቺው በደከመ ወይም ወርዋሪው በበረታ ቁጥር፣ ስርቆት ከሠንጠረዡ አማካይ የበለጠ ዋጋ አለው።

ወርዋሪውን መቼ ማውጣት?

ከአሠልጣኝ ውሳኔዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ረዘም ያለ ቦታ የምሰጠውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያ የታወቀውን እንያዝ። መቺዎች አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ሲገጥሙት በሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው፣ በሦስተኛው ዙር ደግሞ ከሁለተኛው የተሻለ ይመቱታል። ክንዱ ስለሚዝል ብቻ አይደለም፤ የኳሱን ፍጥነትና አጠማዘዝ ዓይናቸው ስለሚለምደው ጭምር ነው። ሌላው የታወቀ ነገር የእጅ ጉዳይ ነው። በተለመደው ግራኝ ወርዋሪ በግራ የሚመታን፣ ቀኝ እጅ ወርዋሪም በቀኝ የሚመታን በተሻለ ያጠምዳል፤ ተጠማዛዥ ኳሱ ከመቺው እየራቀ ስለሚሄድና ከእጁ ሲለቀቅም ከመቺው ጀርባ የሚመጣ ስለሚመስል ነው።

እነዚህ ጠቅላላ እውነቶች ናቸው። የዛሬው ወርዋሪ ዛሬ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ግን የተቀባዩን ጓንት ይመልከቱ። ተቀባዩ ከውርወራው በፊት ጓንቱን በተወሰነ ቦታ፣ ለምሳሌ ዝቅ ብሎ ከመቺው ራቅ ባለው ጥግ ይደቅናል። ኳሱ ሲመጣ ጓንቱ ሳይንቀሳቀስ ከተቀበለ ወርዋሪው ያሰበውን እያደረገ ነው። ጓንቱ ከታች ወደ ላይ፣ ከጥግ ወደ መሀል እየተሳበ መቀበል ከጀመረ ግን ውጤት ሰሌዳው ባያሳይም ችግር መጥቷል፤ ያ ኳስ ሦስት ጊዜ መሀል ላይ ቢቀር አንዱ ይመታል። የኳሱን ፍጥነትም ከመጀመሪያው ኢኒንግ ጋር ያነጻጽሩ፤ ትንሽ የሚመስል ዝቅታ በተከታታይ ከታየ ትርጉም አለው።

ከዚያ ዓይንዎን ወደ ቡልፔን ይመልሱ። ተቀያሪ ወርዋሪ ተነሥቶ ወዲያው አይገባም፤ ክንዱን ለማሟሟቅ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አሠልጣኙ የሚወስነው ችግሩ ሲከሰት ሳይሆን ሁለት ሦስት መቺ አስቀድሞ ነው። አሟሙቆ ሳይገባ የተቀመጠ ወርዋሪም ድካሙ ለነገ ይቀርበታል። ረዳት አሠልጣኝ ወደ ወርዋሪው ሄዶ ረዘም ያለ ወሬ ሲያወራ አንዳንድ ጊዜ የሚገዛው ያችን የማሟሟቂያ ጊዜ ነው፤ እርሱም ቢሆን የተቆጠረ ነው፤ በአንድ ኢኒንግ ውስጥ ወደ አንድ ወርዋሪ ሁለተኛ ጊዜ ከተሄደ ወርዋሪው መውጣት አለበት። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የገባ ወርዋሪ ጉዳት ካልደረሰበት ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም ወይም ግማሽ ኢኒንጉን መጨረስ ይጠበቅበታል። ግራኝ ወርዋሪ ለአንድ ግራኝ መቺ ብቻ አስገብቶ ማውጣት በዚህ ቀርቷል፤ አሠልጣኙ የሚመርጠው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሦስት ሰው ነው። ቀጣዮቹን ሦስት መቺዎች ከነእጃቸው ይጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ሁለት ሌሊቶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በኦክቶበር 16 ቀን 2003 ቦስተን በአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ያንኪስን 5 ለ 2 እየመራ ስምንተኛው ኢኒንግ ገባ። የቦስተኑ አሠልጣኝ ግሬዲ ሊትል ወርዋሪውን ፔድሮ ማርቲኔዝን አላወጣውም። ከአንድ አውት በኋላ የያንኪሱ ዴሬክ ጂተር ሁለት ቤዝ የሚያደርስ ምት መታ፤ በርኒ ዊሊያምስ መትቶ አስገባው። ሊትል ወደ ወርዋሪው ሄደ፣ ተነጋገሩ፣ ብቻውን ተመለሰ። ሂዴኪ ማትሱይ ሁለት ቤዝ የሚያደርስ መታ፤ ሆርሄ ፖሳዳም ተከተለ፤ 5 ለ 5 ሆነ። ፔድሮ 123 ኳስ ወርውሮ ወጣ። የያንኪሱ አሮን ቡን በ11ኛው ኢኒንግ በሆም ረን (ኳሱ ከሜዳው አጥር ውጪ በሚወጣበት ምት) ጨዋታውን ጨረሰው፤ ሊትልም ለቀጣዩ ዓመት አልተመለሰም።

ከ17 ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 27 ቀን 2020፣ የሜጀር ሊግ የዋንጫ ፍጻሜ በሆነው በዎርልድ ሲሪስ ስድስተኛ ጨዋታ ታምፓ ቤይ ሬይስ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስን 1 ለ 0 ይመራ ነበር። የሬይሱ ግራኝ ወርዋሪ ብሌክ ስኔል በ73 ኳስ 9 መቺዎችን በስትራይክ (ኳሱን መምታት አቅቷቸው) አውት አድርጓል። በስድስተኛው ኢኒንግ ከአንድ አውት በኋላ የዶጀርሱ ኦስቲን ባርንስ ሁለተኛውን ምት ብቻ መታበት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቺዎች፣ ሙኪ ቤትስ፣ ኮሪ ሲገርና ጀስቲን ተርነር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥሙት ሲሉ የሬይሱ አሠልጣኝ ኬቨን ካሽ መጥቶ አወጣው። የገባው ቀኝ እጁ ኒክ አንደርሰን ነበር። ቤትስ ሁለት ቤዝ የሚያደርስ መታ፤ ባርንስ ከተቀባዩ ባመለጠ ኳስ ገባ፤ ሲገር በመታው የመሬት ኳስ ቤትስ ገባ። ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዶጀርስ መቀመጫ ላይ በአሠልጣኝነት ተቀምጦ የነበረው ያው የ2004ቱ ሯጭ ዴቭ ሮበርትስ ነው።

ብዙ ሰው ከመጀመሪያው «ቶሎ አውጣ»፣ ከሁለተኛው «አታውጣ» የሚል ትምህርት ይወስዳል። ሁለቱም ከውጤት የተቀዱ ናቸው። ትክክለኛው ጥያቄ ስኔል በሦስተኛው ዙር ከሁለተኛው ዙር ይደክም ይሆን ወይ የሚለው አይደለም፤ ይደክም ይሆናል። ጥያቄው በሦስተኛው ዙር ያለው ስኔል የዛሬውን አንደርሰን ይበልጣል ወይ ነው። ሦስቱ መቺዎች ስኔልን በዚያ ምሽት ስድስት ጊዜ ገጥመው ስድስቱንም ጊዜ በስትራይክ አውት ሆነዋል። አንደርሰን በዚያ ወር በተከታታይ ጨዋታዎች ነጥብ ሲገባበት ቆይቷል። ቤትስ ደግሞ በዚያ ዓመት ከግራኝ ይልቅ ቀኝ እጅ ወርዋሪዎችን በተሻለ ይመታ ነበር። ካሽ የተመረኮዘበት መርሕ እውነት ነው፤ ቡድኑንም እስከዚያ ያደረሰው ያው መርሕ ነበር። ሆኖም የምናነጻጽረው ሁልጊዜ ወርዋሪውን ከራሱ ጋር ሳይሆን ከምትኩ ጋር ነውና፣ በእኔ ሚዛን ውሳኔው ገና ቤትስ ሳይመታ ስሕተት ነበር። የሊትልም እንዲሁ፤ በዊሊያምስና በማትሱይ መካከል በእግሩ ወርዋሪው ድረስ ሄዶ፣ የደከመ ክንድ እያየ፣ ግራኝ መቺ ቆሞ እየጠበቀ፣ በቡልፔን ግራኙ አለን ኤምብሪ እያለለት ተመልሷል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር ስኬት አለማግኘታቸው ሳይሆን፣ ከፊታቸው ያለውን ምሽት ይዘውት ከመጡት እምነት በታች ማስቀመጣቸው ነው።

ምርጡን ወርዋሪ ለመቼ?

በኦክቶበር 4 ቀን 2016 ባልቲሞር ኦሪዮልስ ከቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ጋር፣ ተሸናፊው ከውድድሩ በሚሰናበትበት አንድ ጨዋታ፣ እኩል ሆነው ወደ 11ኛው ኢኒንግ ገቡ። የባልቲሞሩ ዘጊ ወርዋሪ ዛክ ብሪተን በዚያ ዓመት 47 ጊዜ መሪነት እንዲጠብቅ ተሰጥቶት 47ቱንም ጠብቋል። አሠልጣኙ በክ ሾዋልተር እንግዳ ቡድን ስለነበር፣ መሪነት ሲገኝ ያን የሚያስጠብቅ ሰው ያስፈልገኛል ብሎ ብሪተንን አቆየው። የቶሮንቶው ኤድዊን ኢንካርናሲዮን በባልቲሞሩ ወርዋሪ በኡባልዶ ሂሜኔዝ ላይ ሦስት ነጥብ የሚያስገባ ሆም ረን መታ፤ ብሪተን አንድ ኳስ ሳይወረውር ዓመቱ አለቀ።

የሾዋልተር አስተሳሰብ መሠረት የሌለው አልነበረም። ችግሩ የሚጠበቀው መሪነት ላይመጣ መቻሉ ነው። በእንግዳ ሜዳ፣ እኩል በሆነ ጨዋታ፣ ከ9ኛው ኢኒንግ በኋላ አንድ ነጥብ ከገባበት ቡድኑ ዳግመኛ አይመታም። እንግዲህ እንዲህ ባለ ሰዓት «ጨዋታው አሁን ሊያልቅ ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አዎን ከሆነ፣ ምርጡ ወርዋሪ ኢኒንጉ ስንተኛም ቢሆን ሜዳ ላይ መሆን አለበት።

ተከላካዮችን ማስጠጋት

ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ኖሮ ከሁለት አውት በታች ሲሆን፣ የውስጥ ተከላካዮች ወደ መቺው ቀርበው ሲቆሙ ያያሉ። የሚያገኙት፣ መሬት የነካ ኳስ ይዘው ሯጩን ከመግባቱ በፊት ማስቀረት ነው፤ የሚሰጡት ደግሞ ከኋላቸው የተተወውን ክፍት ሜዳ ነው። በኖቬምበር 4 ቀን 2001፣ በዎርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ ዘጠነኛ ኢኒንግ፣ 2 ለ 2፣ አንድ አውት፣ ሦስቱም ቤዝ ተይዞ፣ የያንኪሱ አሠልጣኝ ጆ ቶሪ ተከላካዮቹን አስጠጋ። የአሪዞናው ሉዊስ ጎንዛሌዝ ከሪቬራ የተወረወረውን ኳስ ዱላው እየተሰበረ በደካማው መታው፤ ኳሱ በተጠጋው በጂተር ራስ ላይ አልፎ፣ በተለመደው ቦታው ቢሆን ኖሮ ሊይዘው በሚችልበት አካባቢ ወደቀ። አንድ ነጥብ ጨዋታውን ስለሚጨርስ ማስጠጋቱ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሪቬራ ግን ኳሱ ዱላ የሚሰብር፣ ብዙ አጭር የአየር ምት የሚያስመታ ወርዋሪ መሆኑ ሚዛኑን ያጠበበዋል፤ ስለዚህ የተከላካዮቹን አቋቋም ሲገመግሙ ወርዋሪው የሚያስመታውን የኳስ ዓይነት ይጨምሩበት።

ለመለማመጃ አንድ ሁኔታ

በሜይ 28 ቀን 1998 አሪዞና ዳይመንድባክስ በሜዳው ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስን 8 ለ 6 እየመራ ነው። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት፣ ሦስቱም ቤዝ ተይዟል። መቺው በግራ የሚመታው ባሪ ቦንድስ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ብሬንት ሜይን የተባለ፣ ኃይሉ ከቦንድስ ጋር የማይወዳደር ተቀባይ ይመጣል። የአሪዞናው አሠልጣኝ ያው በክ ሾዋልተር ነው።

ቦንድስን ሆን ብሎ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ መላክ ይቻላል፤ ሦስቱ ቤዝ ስለተያዘ ግን ያ አንድ ነጥብ በነፃ መስጠት ነው፤ 8 ለ 7 ይሆናል፤ ሦስቱ ቤዝም እንደተያዘ ይቀራል። ከቦንድስ ጋር ከተጋጠሙ፣ ተራ ምቱ እኩል ሊያደርግ ይችላል፤ ሁለት ቤዝ የሚያደርስ ምቱ ሊያስመራ ይችላል፤ ሆም ረኑ 10 ለ 8 ያደርሳል። ከሜይን ጋር ከተጋጠሙ፣ ተራ ምት ሁለት ነጥብ አስገብቶ ሊያስመራ ይችላል፤ በነፃ ቢያልፍ እንኳ እኩል ይሆናል፤ ወርዋሪው ለስሕተት የሚተርፍ ቦታ የለውም። አሪዞና ባለሜዳ ስለሆነ ግን የመጨረሻው ዕድል የራሱ ነው። ስድስቱን ጥያቄዎች ይመልሱ፤ ውሳኔዎን ከነምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ይለፉ።

ሾዋልተር ቦንድስን በነፃ አሳለፈው። ሜይን የመታው ኳስ ቀጥ ብሎ ሄዶ በቀኙ የውጭ ተከላካይ ጓንት ውስጥ ገባ፤ አሪዞና 8 ለ 7 አሸነፈ። በወረቀትዎ ላይ የጻፉትን አይሰርዙት።